የሠራተኛ መለያ ቁጥር ስታወጣ ቁጥሩን አታናግረው

ከኮምቦልቻ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ገብቶኛል። 600 የሚሆን ሠራተኛ አላችሁ፤ መለያው «ስፌ/2014/045» ዓይነት ነው፣ ክፍሉን፣ የተቀጠረበትን ዓመትና ተራ ቁጥሩን ይዞ። ሰው ከስፌት ወደ መጋዘን ሲዛወር መለያው ይቀየራል፣ ፔሮሉ (የደሞዝ መክፈያ መዝገቡ) ደግሞ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል።

መለያህ ብዙ ያወራል። ክፍል ዛሬ አለ ነገ የለም። ዓመቱንም አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፈዋል፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ስለሆነ ኋላ ማጣራቱ መከራ ነው። ክፍል፣ ፈረቃና የቅጥር ቀን የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። መለያው ስለ ሰውየው ምንም የማይናገር ተራ ቁጥር ይሁን።

ከ10001 ጀምር። ከ00001 ከጀመርክ ኤክሴል የፊቱን ዜሮ ይበላብሃል። እዝባሩንም ተወው፤ 12/05 ብለህ ስትጽፍ ቀን አድርጎ ይቀይረዋል።

አሁን ዋናው ነገር፦ መጨረሻ ላይ ማረጋገጫ አሃዝ ጨምር፤ ይህ ከሌሎቹ አሃዞች ተሰልቶ የሚወጣ፣ ቁጥሩ በስህተት ሲጻፍ የሚያጋልጥ አሃዝ ነው። እኛ ወሎ ውስጥ ሰይድ መሐመድ የሚባል በአንድ ፈረቃ ሦስት አራት ይገኛል፣ ስሙም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከተሳሳተ በስም አጣርተህ አታድነውም። አሠራሩ ቀላል ነው። 10427ን እንውሰድ። ከቀኝ ጀምረህ አሃዞቹን በ2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 አባዛ፦ 14፣ 6፣ 16፣ 0፣ 6። ድምሩ 42። ለ11 ስታካፍል ቀሪው 9 ነው፣ መለያው 104279 ይሆናል። ጸሐፊዋ ተሳስታ 104729 ብትጽፍ የ10472 ቀሪ 3 ስለሆነ፣ ስሌቱን በቀመር ካስገባህበት ኤክሴሉ ወዲያው ይይዛታል። ቀሪው 10 የሚመጣበትን ቁጥር ዝለለው፣ ለማንም አትስጥ።

የለቀቀ ሰው ቁጥር ለአዲስ ሰው አይሰጥም! ደሴ ውስጥ በሠራሁበት አንድ ድርጅት ይህ ተደርጎ፣ አንዲት እናት የጡረታ ማስረጃ ልታወጣ ስትመጣ ፋይሏ ከአንድ ወጣት ፋይል ጋር ተቀላቅሎ ጠበቃት። ስንት ቀን እንደተመላለሰች እኔ አውቃለሁ። ለቅቆ የተመለሰ ሠራተኛ ግን የድሮ ቁጥሩን ይያዝ።

የግብር ከፋይ ቁጥርን ወይም ፋይዳን መለያ ላድርግ ላልከው፣ አታድርግ። ፋይዳ 12 አሃዝ ነው፣ የሰውየው የግል መረጃም ነው፤ ባጅ ላይ አንጠልጥሎ በር ለበር የሚዞርበት አይደለም። በሰው ኃይል ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

ሽግግሩን ወር መሃል ላይ እንዳታደርገው። ደሞዝ ከተከፈለ ማግስት ጀምር፣ «የድሮ መለያ» የሚል ዓምድም ጨምር፣ እሱን መቼም አትሰርዘው። የጣት አሻራ ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥርም በዚያው ቀን ቀይር።