ሁለት ጊዜ ተነቅሎ የተመለሰው እምቦጭ

ከኮምቦልቻ የጻፉልን እናት በጓሯቸው ለአትክልት ማጠጫ ያስቆፈሩት፣ 6 በ5 ሜትር የሆነና ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሰርግ ወፍራም ፕላስቲክ) የለበሰ ኩሬ አላቸው፤ ጥቂት ቆሮሶ ዓሦችም ያረቡበታል። ለአበባው ሲሉ ያስገቡት አንድ እግር እምቦጭ ውሃውን ሸፍኖት ሁለት ጊዜ ቢያስነቅሉትም ተመልሷል። አሁን ዓሦቹ ጎህ ሲቀድ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ስለሚከፍቱ፣ ፀረ አረም መርጨት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

እባክዎ አይርጩ። ዓሦቹ አፋቸውን የሚከፍቱት ኦክስጅን አጥሯቸው ነው፤ አረሙ ብርሃንም አየርም ከልክሏቸዋል። በመድኃኒት የሞተ እምቦጭ ደግሞ እዚያው ሰምጦ ሲበሰብስ የቀረችውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በዚያ ላይ ያንኑ ውሃ ጎመንዎን ያጠጡበታል።

የሚመለስበትን ምክንያት ለማየት አንዱን እግር አንሥተው ይገልብጡት። ከጥቁሩ የሥር ጉንጉን በላይ ወደ ጎን የሚሄድ እንደ ሐረግ ያለ ግንድ ያገኛሉ፤ በጫፉም የጣት ጥፍር የምታህል ልጅ ተጣብቃለች። ያ ግንድ ሲነቀል በቀላሉ ይበጠሳል፣ ልጅቷም ውሃው ላይ ትቀራለች። እምቦጭ ሙቀትና ምግብ ካገኘ በ2 ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል፣ የተረሱ 10 ቡቃያዎች በ12 ሳምንት 640 ይሆናሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ባዶ ሃይላንዶችን በገመድ ደርድረው ኩሬውን ለሁለት ይክፈሉትና፣ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ መጀመሪያ አንዱን ወገን በእጅ ያንሡ፤ ሌላውን ከ3 ቀን በኋላ ያጽዱ። መንሽ አይጠቀሙ፤ እኔ ራሴ ባንድ ወቅት በመንሽ ስጎትት የደንበኛዬን ጂኦሜምብሬን ቀድጄ፣ ኩሬውን አድርቄ ለመጠገን ተገድጃለሁ። ትልልቁ ከወጣ በኋላ የትንኝ መድኃኒት ያልተነከረ አሮጌ አጎበር በቆርቆሮ ጠርዝ ሳይሆን በቀርከሃ ወጥረው ፊቱን ይጥረጉ፤ ብጥስጣሹ የሚያዘው በዚህ ነው። ከሥሩ ምስር የሚያህል ጥቃቅን አረንጓዴ ተንሳፋፊ ቅጠል ካገኙ፣ እሱ ሌላ አረም ነው፤ እየጠለሉ ለዶሮዎችዎ ይስጡት፣ ይወዱታል።

ዋናው ሥራ ግን ከኩሬው ውጭ ነው። በላኩልን ፎቶ ላይ የዶሮ ቤቱ ከኩሬው በላይ በኩል ይታያል፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ኩሱ ወደ ውሃው ይታጠባል፣ እምቦጩንም የሚያወፍረው ይህ ነው። በዶሮ ቤቱና በኩሬው መካከል አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ቦይ አስቆፍረው ፍሳሹን ወደ ሙዝዎ ወይም ወደ ጎመንዎ መደብ ይምሩት። ይህ ካልተደረገ ነቀላው በየሁለት ወሩ የሚደጋገም የጉልበት ሥራ ሆኖ ይቀራል።

የነቀሉትን ወደ ፍሳሽ ቦይ እንዳይጥሉት አደራ እላለሁ። የኮምቦልቻ ጎርፍ ወደ ቦርከና ወንዝ ይገባል፣ ቦርከናም የጨፋን ረግረግ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽ በላይኛው በኩል፣ በቆቃ፣ እምቦጭን እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ያውቀዋል፣ የጨፋ ግጦሽ ግን ከእኛ ጓሮ ይህ ሊላክለት አይገባም። ከኩሬው ራቅ ባለ ደረቅ መሬት ላይ አስጥተው እስኪሰባበር ድረስ ያድርቁት። አበባ የያዘውን ራስ አስቀድመው ቆርጠው ለብቻ ያቃጥሉት፣ ፍሬው ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላልና።

ከዚህ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባልዲ ይዘው ዳር ዳሩን ይዙሩ። በተለይ በበጋ ውሃው ሲጎድል በተጋለጠው ጭቃ ላይ ሣር የሚመስል ቀጭን ቅጠል ያለው ቡቃያ ቢያዩ፣ ከዘር የበቀለ እምቦጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ክረምቱ ገብቶ ውሃው ሳያነሣው ከነሥሩ ይንቀሉት።