«ዝም ብለህ ርገጣት»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። አባቴ መተሐራ ሲሠራ ከመሥሪያ ቤቱ በጨረታ የገዛት ያማሃ ዲቲ 125 አለች። ጡረታ ሲወጣ ይዟት መጣ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ጓሮ ባለው ቆርቆሮ ቤት ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሰልባትዮው ውስጥ አሁንም ቤንዚን አለ። መርገጫው ግን ንቅንቅ አይልም። አባቴ «ዝም ብለህ ርገጣት፣ እምቢ ካለች ቁልቁለት ላይ ግፋት» ይላል። ምን ትመክረኛለህ? — ሠ.

መልስ፦ አባትህን አክብር፤ ይህን ምክራቸውን ግን ለጊዜው ተወው። አትርገጣት፣ አትግፋትም። መርገጫው ንቅንቅ ካላለ አብዛኛውን ጊዜ ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው የብረት ቀለበት) ዝጎ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። በጉልበት ካስለቀቅኸው ፋሻው ይሰበራል፣ ሲሊንደሩም ይቧጠጣል። ያኔ ወጪው ሌላ ነው።

ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥል ብልጭታ የሚሰጠውን) ፍታ። በቀዳዳው ሁለት ሦስት ማንኪያ ዘይት ጨምር። ትንሽ ናፍጣ ብትቀላቅልበት የበለጠ ሰርጎ ይገባል። አንድ ሌሊት ይደር፤ ሁለት ቢያድር አልጠላም። ከዚያ ካንዴላው እንደተፈታ አራተኛ ማርሽ አስገባና የኋላ ጎማውን በእጅህ ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዘው። ቀስ እያልክ። ሲላቀቅ በቀዳዳው ጥቁር ዘይት ይተፋል፣ ስለዚህ ፊትህን አርቅ። ከቶ እምቢ ካለ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) መውረድ አለበት። እሱን ለመካኒክ ተው።

ቤንዚኑን ድፋው። የሚተነው ተንኖ ሙጫው ነው የቀረው። ይሄ ሙጫ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ያለችውን በጣም ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ተነሥተው የጋዝ እጀታው ወደ ቦታው ሲመለስ ቀጥ የሚሉት ሞተር ሳይክሎች አብዛኛው ጣጣቸው እሷ ናት። ካርቡሬተሩን ፍታና በንጹሕ ቤንዚን እጠበው። ቀዳዳዎቹን በመርፌ እንዳትጎረጉር፣ ይሰፋሉ። ጎሚስታ ጋ ወስደህ በአየር ብታስነፋው ይበቃል። ሰልባትዮው ከዛገ የቤንዚን መዝጊያውን ፍታና አቼቶ ሞልተህ አሳድረው። አቼቶውን ስትደፋ ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውሃ አለቅልቀው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ወዲያው ዘይት አቅምሰው። ካዘገየህ ዝገቱ በዚያው ቀን ይመለሳል።

አየር ፊልትሮውንና (የአየር ማጣሪያውን) ማርሚታውንም (የጭስ መውጫውን) ፈትሽ። ጓሮ የቆመ ነገር የአይጥ ሰፈር ነው።

ዲቲ ባለ ሁለት ምት ናት፤ የሞተር ዘይቷን ከቤንዚኑ ጋር ታቃጥላለች። ዘይቱን የምትልከው ትንሿ ፓምፕ ግን ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አየር ሳትይዝ አትቀርም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሁለት ሊትር አትመናት። በየሊትሩ 40 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ራስህ ቀላቅል። ጭሱ ብዙ ይሆናል፤ ጎረቤት ልብስ ያላሰጣበትን ቀን ምረጥ። ፓምፗ እየላከች መሆኑን በዓይንህ ሳታይ መቀላቀሉን አታቁም።

መተሐራ ማለትህ ጠቅሞኛል። መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፣ አየሩም ሳሳ ያለ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እናንተ ጋ ቤንዚን ያበዛል። ነድተሃት ስትመለስ ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰና ዳገት ላይ ከደከመች፣ የካርቡሬተሩን መርፌ የያዘችውን ክሊፕ አንድ እርከን ወደ ላይ አውጣት። አዲስ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩል።

ጎማው ላይ ግን አትሰስት። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ታገኛለህ። ለምሳሌ 2308 ካለ፣ በ2008 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ታዲያ ይሄ የፈረንጆቹ 2008 ነው፣ በእኛ 2000። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጎማውን ስምንት ዓመት ወጣት ያደርገዋል። ላስቲኩ ከተሰነጣጠቀ ካላማዳሪውንም (አየር የሚሞላውን የውስጥ ላስቲክ) አብረህ ቀይር። ፍሬኑን ፈተህ ጽዳው፣ ገመዶቹ ውስጥ ዘይት አንጠባጥብ።

ይሄን ሁሉ ከመጀመርህ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አባትህን ጠይቃቸው። ጨረታውን ሲያሸንፉ ስሙ ዞሮላቸዋል? ሊብሬው የመሥሪያ ቤቱ እንደሆነ ከቀረ ቦሎ ማውጣት ጣጣ አለው። በእንጦጦ አድርገህ አዲስ አበባ ልትገባባት ካሰብክ ደግሞ ከተማው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ስላወጣ መጀመሪያ የፈቃዱን ነገር አጣራ። ወረቀቱ ካልተገኘ ለጎማው ብር አታውጣ።