አይሱዙው ይቆይ

የጻፈችልኝ የሐረር ልጅ ናት። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና 5ኛ ዓመት ተማሪ። ለልምምድ በወጣችበት ክሊኒክ አንድ ማለዳ ጅብ የዘነጠለው የመጋዘን ውሻ በጆንያ ተጠቅልሎ በባጃጅ መጣ። ድዱን በአውራ ጣቷ ተጭና ለቀቀች። ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ ደም አልተመለሰበትም። ካኑላ፣ ማለትም ፈሳሽ የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ፣ ደም ሥሩ ውስጥ የሚያስገባ ሰው እስኪገኝ ውሻው ሞተ። ከዚያ ወዲህ የውሻና የድመት ድንገተኛና ጽኑ ሕክምና ስፔሻሊስት ካልሆንኩ ብላለች። አሜሪካ ያሉት አጎቷ «እዚህ የውሻ ሐኪም ሀብታም ነው» ብለው ለአባቷ ነገሯቸው። አባቷም ከአወዳይ ድሬ ጫት የሚያመላልሱበትን አይሱዙ ሸጠው ሊልኳት ነው። ገዢ ሁሉ ተገኝቷል። «ልሂድ ወይስ እምቢ ልበል?» ትላለች።

እህቴ፣ አባትሽ ወርቅ ሰው ናቸው። አይሱዙው ግን አይሸጥ።

ያ መኪና የቤታችሁ ደመወዝ ነው። ከአንቺ በታች ሦስት ልጆች አሉ ብለሽኛል። የእነሱ ደብተርና ጫማ ከዚያ መኪና ነው የሚወጣው። «አባቴ ደስ ብሏቸው ነው» አትበዪኝ። አባት ለልጁ ሲሸጥ ሁሌም ደስ ብሎት ነው። የእኔም አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እኔን ውጭ ለመላክ ሳቢያን ያለውን የቤታችንን ግማሽ ሸጠ። ገንዘቡን ደላላ በላው። እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም። ብሩን ረስቼዋለሁ፤ ዝምታው ግን እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

አጎትሽ አልዋሹም፤ ግማሹን ነው የነገሩሽ። ይህ ሙያ አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ሆኖ የታወቀው በ1989 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መንገዱ ግን ረጅም ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ዕውቅና ከሰጣቸው ኮሌጆች ውስጥ የኛዎቹ የሉበትም። ስለዚህ መጀመሪያ የቋንቋ፣ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ፈተና አለ። የተግባሩ ፈተና ብቻውን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይበላል። ቀጥሎ የሥራ ፈቃድ ፈተና። ከዚያ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም)፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን እየሠራ የሚማር ሐኪም)። የሬዚደንት ቦታ ደግሞ የትምህርት ክፍያ ከፍለሽ የምትገዢው አይደለም። ተወዳድረሽ ትገቢያለሽ፣ ትንሽም ቢሆን ደመወዝ ይከፈልሻል። እና የአይሱዙው ብር ምን ይገዛል? የአውሮፕላን ትኬት፣ ጥቂት ፈተና፣ የጥቂት ወር ኪራይ። ቦታውን አይገዛም። ለቦታው የሚጠየቀው የሠራሽው ሥራና ሥራሽን ያየ ሰው ምስክርነት ነው።

አሁን ወደዚያ ውሻ እንመለስ። እኔ ድሬ ላይ 11 ዓመት በድንገተኛ ክፍል ሌሊት የሠራሁ ነርስ ነበርኩ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ያ ድድ ታየኝ። ውሻው የጎደለው የአሜሪካ ዲግሪ አልነበረም። የሚደማውን በጨርቅ አጥብቆ የሚይዝ እጅ ጎደለው። ካኑላ ጎደለው። ውሻ ደሙ ፈሶ ሲደክም በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ15 ደቂቃ ገደማ ይሰጥና ድዱና የልብ ምቱ እንደገና ይመረመራል። 25 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ግማሽ ሊትር ቢሆን ነው። አንድ ከረጢት! (ሰዉ ከረጢቱን ሁሉ «ግሉኮስ» ይለዋል፤ አንቺ እንዳትሳሳቺ፣ እዚህ የሚፈለገው ሪንገር ወይም ኖርማል ሳላይን ነው።) ለድመት መጠኑ ግማሽ ነው፤ ሳንባዋ ቶሎ ውኃ ይይዛል። ባለቤቷ «አሞክሲና ፓራሲታሞል ሰጥቻታለሁ» ካለሽ ደግሞ ፓራሲታሞሉን ልብ በዪ፣ ለድመት መርዝ ነው። ልቡ ካቆመ፣ የደረት ግፊት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ በየሁለት ደቂቃው ሰው መቀያየር። ይህን ትራስ ላይ ተለማመጂ፣ ጓደኞችሽ ይሳቁ። ካኑላ ለማስገባት አሜሪካ አይኬድም። ሁለት መቶ ጊዜ ማስገባት ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ጨርሺ። ሁለት ሦስት ዓመት ድሬ ሥሪ። የውሻ ሐኪም ብቻ ሆነሽ ድሬ ላይ የቤት ኪራይ አትከፍዪም፣ ቁርጡን ልንገርሽ። ቀን ቀን ፍየል፣ ላም፣ ግመል። ሌሊት የማይጠፋ ስልክ ለውሻና ለድመት። ከመወሰንሽ በፊት አንድ ቅዳሜ መጋዘን ያላቸውን ነጋዴዎች እየዞርሽ ጠይቂ፦ «ውሻህ ሌሊት ቢጎዳ ስንት ትከፍላለህ?» መልሳቸው ከእኔ ምክር ይበልጣል። በሙቀቱ ወራት ደግሞ በቆርቆሮ ጥግ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ በሙቀት ሲወድቅ ማንን እንደሚጠሩ ጠይቂ። ውኃ ማፍሰስና ማራገብ ያድነዋል፤ የውሻው የሰውነት ሙቀት ወደ 39.5 ዲግሪ ሲወርድ ማቆም እንዳለበት ግን ጥበቃው አያውቅም።

«ጽኑ» የሚባለው ክፍል ይቆይ። የመተንፈሻ ማሽን፣ ደም፣ 24 ሰዓት የሚፈራረቅ ነርስ፣ ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። «ድንገተኛ»ው ግን አሁን ይጀመራል። ያኔም አሜሪካ ካማረሽ፣ በራስሽ ብር ሂጂ።

በደብዳቤሽ ያነሳሻቸውን ሌሎቹን ጥያቄዎች ቶሎ ልበል። እናትሽ «የውሻ ለሃጭ ይዘሽ ሶላት?» ካሉ፣ የሥራ ልብስሽን ክሊኒክ ትተሽ ነይ፣ የቀረውን ከሸኽ ጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታን በመፍራትሽ ልክ ነሽ፤ ከመነከስሽ በፊት የሚወሰደውን ክትባት ሳትወስጂ የማታውቂው ውሻ አፍ አጠገብ አትድረሺ። ውሻው ሲሞት ማልቀስሽ ምንም አይደል። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነበር የማለቅሰው።

አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። አባትሽ ቀብድ ተቀብለው እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሪ። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ሰው እጥፉን ነው የሚመልሰው። ካልተቀበሉ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ ንገሪያቸው። የሚቅሙ ከሆነ በርጫ ሳይጀመር ይሁን። በምርቃና ሰዓት ሁለት አይሱዙም ይሸጣል።