አምባዛው ሆድ ውስጥ ትል ቢገኝስ?

እህቴ፣ ከቆቃ የመጣ አምባዛ ገዝተሽ ሆዱን ስትሰነጥቂው ትል አየሽ። ባለቤትሽ «ይጣል» አለ፤ አንቺ ደግሞ አንጀቱን ለድመቴ ልስጣት ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። አሳ እየበለትኩ ነው የምተዳደረው፣ የማውቀውን ልንገርሽ። አሳውን አትጣዪው።

ዋናው ነገር ትሉ የት ነበር የሚለው ነው። አንጀቱ ውስጥ ነጭ፣ ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ከሆነ የኮሶ ዘመድ ነው። ጨጓራው አካባቢ ደግሞ ቀላ ያለ ቀጭን ትል አለ፤ ደም ስለሚመጥ ነው የሚቀላው። ሁለቱም ከሆድ ዕቃው ጋር ተጠርገው ይወጣሉ፤ ሰው ላይ የሚኖሩም አይደሉም።

እኔ የምጠነቀቀው ከአንጀቱ ውጭ፣ ሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚተኛውን ነው። ባለሙያዎች ኮንትራሲከም ይሉታል። አሳው ላይ ገና እጭ ነው፤ የሚያድገው ፔሊካንን የመሰሉ አሳ በል ወፎች ሆድ ውስጥ ነው። ዕንቁላሉ ከወፏ ኩስ ጋር ውሃ ይገባል፣ እጩን ደቃቅ የውሃ ነፍሳት ይውጡታል፣ እነሱን ደግሞ አሳ ይበላል። አምባዛ ምን የማይውጠው አለ? ትንንሽ አሳም ሳይቀር ስለሚበላ ይጠራቀምበታል። ቆቃ ደግሞ አዋሽ ተገድቦ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ ወፍ ሞልቶታል። ስለዚህ ትል አለው ማለት አሳው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሻጩንም አትቀየሚው።

ሆዱ ሳይጸዳ የዋለ አሳ ግን ሌላ ነው፤ እጩ ወደ ሥጋው ሊገባ ይችላል። እኔ ሆድ ዕቃውን ቶሎ አወጣለሁ፣ ስሱን የሆድ ሥጋ ቆርጬ እጥላለሁ፣ ከዚያ ፊሌቶውን አምፖል ፊት ከፍ አድርጌ አያለሁ። ክብ ጥላ ከታየኝ በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቄ አወጣዋለሁ።

ጥሬ አሳ በዳጣ የሚወድ ቤትሽ ካለ ይህን አሳ እንዳይነካ። ሎሚውና ሚጥሚጣው ትሉን ይገድለዋል ይላሉ፣ ወሬ ነው። የሚገድለው እሳት ነው፤ ውስጡ 63 ዲግሪ ከደረሰ በቂ ነው። ቅዝቃዜም ይገድለዋል፣ ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን መቆየት አለበት። የቤት ፍሪጅ እዚያ መድረሱን እጠራጠራለሁ።

ለድመትሽ ጥሬውን አትስጫት፣ ቀቅለሽ ከሆነ ትብላ። የተረፈውን ቅበሪው፤ ወንዝ ወይ ሐይቅ ውስጥ ግን እንዳትጥዪው።