ሻማ የያዘ እጅ ቦርሳ አይከፍትም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከእኛ ራቅ ብሎ በሚገኝ አካባቢ ጎርፍ ብዙ ቤት ጠርጎ ወስዷል። እኔና አምስት ጓደኞቼ የሰፈራችንን ሰው አንድ ምሽት ሰብስበን፣ ሻማ አብርተን የሞቱትን ለማሰብና ለተፈናቀሉት ገንዘብ ለማሰባሰብ ተነሥተናል። ነገር ግን ገና ሳንጀምር መስማማት አቃተን። ሁለቱ ጓደኞቼ ልብስና ብርድ ልብስም እንሰብስብ ይላሉ። አንዷ ሻማውን ራሱን እንሽጠው ትላለች። አባቴ ደግሞ በሰው ሐዘን መካከል ሳጥን ማዞር ነውር ነው ብለው ተቆጥተዋል። እርስዎ ብዙ ዓመት በማኅበር ገንዘብ ያዥነት ስለሠሩ ምን ይመክሩናል?
ግራ የገባት አስተባባሪ

መልስ፦ ልጄ፣ እኔ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያው የሻማ ምሽት በሰው ብዛት የሚያኮራ፣ በገንዘቡ ግን የሚያሳፍር ነበር። ግቢው ሞልቶ ሰው አጥር ላይ ቆሟል። ሳጥኑ ሲከፈት ግን የሻማውን ወጪ እንኳ የሚሸፍን አልተገኘበትም። ለሦስት ቀን ሰውን በንፉግነት ስወቅስ ከረምኩና በኋላ ጥፋቱ የራሴ መሆኑ ገባኝ። ሳጥኑን ያስቀመጥኩት መውጫው በር አጠገብ ነው። ሰዉ ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ በአንድ እጁ ሻማውን ይዞ፣ በሌላው መዳፉ ነበልባሉን ከነፋስ ከልሎ፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ሳጥኑን ያየዋል፤ አንገቱን ደፋ አድርጎ ያልፋል። መስጠት ጠልቶ አይደለም፤ ትርፍ እጅ አልነበረውም።

በ1982 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ በምሥራቅ ጀርመኗ ላይፕሲግ ከተማ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሰው ለተቃውሞ ሲወጣ ብዙዎቹ ሻማ ይዘው ነበር። የከተማዋ የኒኮላይ ቤተ ክርስቲያን ቄስ የነበሩት ክርስቲያን ፉረር፣ ሻማ ሁለት እጅ ስለሚፈልግ ድንጋይ የሚያነሣ እጅ አይተርፍም ይሉ ነበር። ለሰላም የበጀው ይኸው ነገር ለእኔ ሳጥን አልበጀም።

ስለዚህ ገንዘቡን የምትሰበስቡት ሻማው ሳይበራ ነው። ሰዉ ገና የቀን ብርሃን ሳለ ይሰብሰብ። አደጋውን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ይናገር። ከአንድ በላይ ተናጋሪ ካመጣችሁ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይደግማል፣ ሦስተኛው ራሱን ያስተዋውቃል። ከዚያ ገንዘቡ ለምን እንደሚውልና በማን በኩል እንደሚደርስ ንገሩ፤ አራት ሳጥን በአራት አቅጣጫ ይዙር። በስልክ ለሚያስተላልፍ የሒሳብ ቁጥሩን በትልቁ ጽፋችሁ ስቀሉ፤ በጨለማ ቁጥር አይነበብም። ሳጥኖቹ ተመልሰው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ሻማው ይብራ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስለ ገንዘብ አንድም ቃል እንዳይነሣ። አባትሽ የተቆጡት በዝምታው መካከል የሚንኳኳ ሳጥን ታይቷቸው ከሆነ እውነታቸውን ነው። ሰው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሳለ ጆሮው ሥር ሳንቲም ማቃጨል በእርግጥም ነውር ነው።

ሻማ መሸጡን አልወደውም። ገንዘብ ያልያዘው ሰው ከጎረቤቱ መካከል ጨለማ ውስጥ ቆሞ ይታያል፤ በሚቀጥለውም አይመጣም። ዋጋ የተለጠፈበት ነገር ደግሞ የሰጪውን እጅ ይገድባል። አሥር እጥፍ ሊሰጥ አስቦ የመጣው የሻማውን ከፍሎ ግዴታዬን ተወጣሁ ይላል። ሻማውን አንድ ነጋዴ ወይም እናንተ ስድስታችሁ ቻሉት፤ ለሁሉም በነጻ ይታደል።

ስለ ልብሱ። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ከደረሰ በኋላ ከየዓለሙ የተላከ ልብስ በኢንዶኔዢያዋ አቼ የባሕር ዳርቻ ተከምሮ በስብሷል። ለይቶ የሚያጥፍ ሰው፣ የሚያስቀምጥ መጋዘን አልነበረም፤ ሰው ሁሉ አስከሬን በማንሣትና ውኃ በማድረስ ተጠምዶ ነበር። ገንዘብ ግን ማጓጓዣ አይፈልግም፤ የሚያስፈልገው ዕቃ እዚያው አቅራቢያ ይገዛበታል፣ ሱቁ የተጎዳበት ነጋዴም አብሮ ይነሣል። ዕርዳታውን የሚቀበለው ድርጅት ብርድ ልብስ ይህን ያህል አምጡልን ብሎ በቁጥር ከጠየቃችሁ አምጡ፤ ካልጠየቀ ተዉት። ያም ሆኖ አንድ ሰው ከረጢት ተሸክሞ መምጣቱ አይቀርም፤ አታሳፍሩት።

ከዚያው ሱናሚ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። አደጋው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ለዚያ ሥራ የሚበቃው ገንዘብ ስለደረሰው ለሱናሚው ተብሎ እንዳይላክለት አስታወቀ። የተረፈውንም ወደ ሌላ ችግር ለማዞር የሰጪዎቹን ፈቃድ ጠየቀ። ስንቶቻችን ይህን እናደርጋለን? ሳጥናችሁ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል፣ ከተረፈ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ። ሁለተኛዋን መስመር ያልጻፈ ኮሚቴ በኋላ ሲጨቃጨቅ ይኖራል፤ እኔ ራሴ በእንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ሦስት ስብሰባ ተቀምጫለሁ።

ቆጠራው እዚያው፣ ሰው እያየ፣ መብራት ሥር ይሁን። ዝምድና የሌላቸው ሦስት ሰዎች ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ፤ ድምሩን በፊደልም በአኃዝም ጽፈው ይፈርሙ። ሳጥኑ ታሽጎ እስኪነጋ የሚያድርበትን ቦታ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በማግስቱ ሁለት ሰው ሆናችሁ ባንክ አስገቡ፤ ደረሰኙን ሰው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እኔ አንድ ጊዜ ሳጥኑን ብቻዬን ቤቴ ወስጄ አድሬያለሁ። አንድም ሳንቲም አልጎደለም። ቢጎድል ግን ምስክር እንደሌለኝ እያሰብኩ ዓይኔን ሳልከድን ነጋ።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ለቦታው ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ውሰዱ። ከወፍራም ካርቶን በመዳፍ ስፋት ክብ ቆርጣችሁ መሀሉን በመስቀለኛ ሰንጥቁትና ሻማውን አሳልፉበት፤ ቀልጦ የሚወርደውን ሰም ካርቶኑ ይቀበለዋል፣ ጣትም አይቃጠልም። እሳቱን ከሰው ወደ ሰው ስታስተላልፉ የበራው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ያልበራው ነው ወደ እርሱ የሚዘነብለው። የበራውን ያዘነበለ ሰው ትኩስ ሰም የጎረቤቱ እጅ ላይ ያፈስሳል፤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለሕፃናት በባትሪ የሚሠራውን መብራት ስጧቸው። ነጠላና ስካርፍ የለበሰ፣ ፀጉሩን የለቀቀ ሰው ይሰብስበው። ውኃና አሸዋ በባልዲ ይዘጋጅ፤ የደረቀ ሣር ያለበትን ቦታ አትምረጡ። የተቃጠለ ካለ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይያዝ፤ ቅባትም በረዶም አይነካው። ነፋስ ከበረታ ሁሉንም በባትሪ አድርጉት፤ ማንም አይከፋም።

ለማግስቱ ጠዋት ሰም የሚፍቁ ሁለት ሰዎች መድቡ። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ጠርዝ ከቢላዋ ይሻላል፤ ወለሉን አይጭርም።

አባትሽን ከሦስቱ ቆጣሪዎች አንዱ አድርጊያቸው። ነውርን የሚጠሉ ሰው በትክክል ይቆጥራሉ። አንቺ ግን ከጠረጴዛው ራቂ፤ ዝምድና የሌላቸው ብያለሁ።