መልስ፦ ካምቢዮው ውስጥ ስላገኘኸው ሲሊኮንና ስለማይመሳሰሉት ብሎኖች

ሰላም ወንድሜ። የአሮጌ መኪናህን ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ፈትተህ በክዳኑ ዙሪያ የተለቀለቀ ሲሊኮንና ቁመታቸው የተለያየ ብሎኖች አግኝተህ «ጠርጌ ልዝጋው ወይስ ሁሉንም ልበትነው?» ብለሃል። በትነው። ከላይ እንዲህ የተዝረከረከ ሥራ ውስጡ ንጹሕ ሆኖ አላየሁም።

ሲሊኮኑን አትናቀው። ወደ ውጭ የተጨመቀውን ያህል ወደ ውስጥም ገብቷል፤ ተቆርጦ ሲወድቅ የዘይት መተላለፊያ ይደፍንና ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ዘይት አጥቶ ይበላል። በአንዳንድ ካምቢዮዎች ደግሞ ከክዳኑ ሥር የሚገባው የወረቀት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ውፍረት ራሱ የኩሽኔታውን የጥብቀት ልክ ይወስናል። ወረቀቱን አውጥተው በሲሊኮን ከተኩት ልኩ ተዛብቷልና እንደገና ይለካ።

ረጅሙ ብሎን ክዳኑን ሳያጠብቅ ከቀዳዳው ወለል ይደርሳል፤ አስገድደህ ካጠበቅኸው አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። አጭሩ ከቀዳዳው ጥቂት ጥርስ (ጠመዝማዛ መስመር) ብቻ ስለሚይዝ ጥርሱን ነቅሎ ይወጣል። በተበላ ቀዳዳ ወፍራም ብሎን በግድ ማስገባት (ያንተ ጠጋኝ ያደረገው ይመስላል) ጥገና አይባልም፤ አዲስ የብረት ጥርስ ይግባለት።

ማርሽ ሲገባ ይጮሃል ያልከው ምናልባት ከዘይቱ ነው። ጂኤል-4 የተባለውን የማርሽ ዘይት ደረጃ ለሚጠይቅ ካምቢዮ ጂኤል-5 ከተሞላ የሲንክሮ ቀለበቶቹ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስሉት) በደንብ መያዝ ያቅታቸዋል። በካምቢዮው ውስጥ የብረት ብናኝ የሚሰበስበውን መግነጢስም ተመልከት፦ የላመ ጥቁር ጭቃ ከሆነ አያሳስብም፤ የብረት ስባሪ ካለበት ግን የማርሾቹን ጥርሶች ፎቶ አንስተህ ላክልን።