ማሳ መሀል የተነፈሰ የትራክተር ጎማ

ጥያቄ፦ በራያ ቆቦ ሜዳ በኪራይ ትራክተር የማርስ ሹፌር ነኝ። በዞብል ተራራ ግርጌ፣ ከአስፋልቱ ርቄ የማሽላ ማሳ ሳርስ የኋላው ቀኝ ጎማ በግራር እሾህ ተወግቶ ተነፈሰ። ለባለንብረቱ ብደውል «ቀስ እያልክ ወደ ከተማ አውጣው» አሉኝ። እንዳሉኝ ባደርግ የውስጥ ጎማው ተበጣጥሶ፣ የውጭውም ጠርዙ ተቆርጦ ደረሰ፤ ኪሳራውን ከደመወዜ ሊቆርጡ ነው። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ ጎሚስታውን እዚያው ማስመጣት ነበረብዎት። አየር ያጣ ጎማ ቸርኬውን ጨምድዶ መያዝ ስለማይችል ቸርኬው ሲዞር እሱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቫልቩ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ስለተያዘ ከሥሩ ይገነጠላል። ቀስ ብሎ መንዳት ይህን አያስቀርም። ትእዛዙን የሰጡት ባለንብረቱ ሆነው ሳለ ዕዳውን በእርስዎ ላይ ብቻ መጫናቸው ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

እሾኩን ወዲያው አይንቀሉት፤ በመጀመሪያ ቦታውን በጠመኔ ያክብቡት፤ ከተነቀለ በኋላ በጭቃ በተለወሰ ጎማ ላይ ቀዳዳውን መፈለግ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ቀጥሎ ጎማው ውሃ እንዳለው ያጣሩ። ለክብደት ሲባል ውሃ የተሞላ ትልቅ የኋላ ጎማ ከ200 ሊትር በላይ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሳይፈስ የተፈታ እንደሆነ ወድቆ ሰው ይገድላል። ቫልቩን ወደ ታች አዙሮ ውሃውን ማፍሰስ የግድ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ክሪኩ ነው። በቦርከና ሸለቆ አንድ ትራክተር ሲነሣ ቆሜ አይቻለሁ፤ ክሪኩ ያረፈበት መረሬ አፈር ከላይ ደረቅ ቢመስልም ከሥሩ እርጥብ ነበርና፣ ጎማው ከመሬት በተላቀቀ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ክሪኩ ወደ ጎን አዘንብሎ ትራክተሩ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሠራተኛው እጁን ያወጣው ለጥቂት ነው። ስለዚህ ከክሪኩ ሥር ወፍራምና ሰፊ ጣውላ ይደረግ፣ በሌሎቹ ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይግባ፣ ትራክተሩም ከተነሣ በኋላ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ግንድ ይደገፍ።

ከዚያ በኋላ ቸርኬውን ከአክሱ መፍታት አያስፈልግም፤ የቀረው አየር በሙሉ ከወጣ በኋላ ጎሚስታው የጎማውን የውጭ ጠርዝ ብቻ በብረት አላቆ የውስጡን ጎማ መዝዞ ይለጥፋል። ከመመለሱ በፊት የውጭውን ጎማ ሆድ በወፍራም ጨርቅ ዙሪያውን ማሰስ ይገባል፤ ተሰብሮ የቀረ የእሾህ ጫፍ ካለ ጨርቁን ይይዛል፣ ካልተገኘ ግን አዲሱን ልጥፍ በሰዓታት ውስጥ ይበሳዋል።

አየሩን የአየር ፍሬን ካለው የጭነት መኪና በረጅም ቱቦ መውሰድ ይቻላል። ጠርዙን በሳሙና ውሃ ቀብተው፣ ከጎማው ፊት ሳይሆን ራቅ ብለው ቆመው ይሙሉት። 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ደርሶ ጠርዙ በቸርኬው ላይ ካልተቀመጠ አየሩን አስወጥተው እንደገና ይጀምሩ እንጂ አይጨምሩበት። ለሥራ የሚያስፈልገው ልክ በትራክተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ለኋላ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ፒኤስአይ ነው። ያፈሰሱትን ውሃ እርሻ ከመቀጠልዎ በፊት ይመልሱት፤ አንዱ የኋላ ጎማ ውሃ ይዞ ሌላው ባዶ ከሆነ ትራክተሩ ክብደቱ ባነሰው ጎን በኩል ይንሸራተታል፣ ፈሩም ይጣመማል።